ፀረ ተሐዋስያን መድኃኒት በጥጃና በግልገል ሰውነት ውስጥ ስለሚሄድበት መንገድ

የገበሬ ሀብቱ መሬቱና ከብቱ መሆኑ የታወቀ ነው። በከብትም ረገድ የነገው ሀብት የሚቈጠረው ዛሬ በበረት ባሉት በሬዎችና ላሞች ብቻ ሳይሆን፥ በዚህ ዓመት በተወለዱት ጥጆችና ግልገሎች ጭምር ነው። ጥጃ የሞተበት ገበሬ ያጣው አንድ ታናሽ እንስሳ ብቻ አይደለም፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሚጠምደውን በሬ፥ ወይም የሚያልባትን ላም አጥቷል። ደግሞም ብዙዎቹ የአገራችን ላሞች ጥጃቸው በፊታቸው ካልቆመ ወተታቸውን አይሰጡምና፥ በጥጃው ሞት የቤቱ ሕፃናት ወተት ይቀርባቸዋል።

ከዚህ የተነሣ ጥጃ የታመመበት ሰው መድኃኒት ፍለጋ መሮጡ አያስደንቅም። ብዙ ጊዜ የሚያገኘውም በተለምዶ አንቲባዮቲክ የሚባለውን ፀረ ተሐዋስያን መድኃኒት ነው። ለላሚቱ ተገዝቶ ከተረፈው ጠርሙስ በዓይኑ መጥኖ ይቀዳና፥ «ይህ ትንሽ ስለ ሆነ ትንሽ ይበቃዋል» ብሎ ይወጋዋል። አሳቡ ለሰሚው እውነት ይመስላል፤ ነገር ግን ስሕተት ነው። ጥጃ ማለት አንሶ የተፈጠረ ላም አይደለምና። ሆዱ፥ የሰውነቱ ፈሳሽ፥ ጉበቱና ኩላሊቱ የሚሠሩበት አኳኋን ከእናቱ የተለየ ነው፤ ይህም ልዩነት ከሳምንት ወደ ሳምንት ይለዋወጣል። ይህን የማያውቅ ሰው የሚሰጠው መድኃኒት አንድ ጊዜ ሳይሠራ ይቀራል፥ ሌላ ጊዜም መርዝ ይሆናል።

ይህ ማብራሪያ የተጻፈው የወረዳና የዞን ሹማምንት ነገሩን ተረድተው የእንስሳት ሐኪሙን እንዲያግዙና ሕዝቡን እንዲመክሩ ነው እንጂ፥ በሐኪሙ ቦታ ተተክተው እንዲያክሙ አይደለም።

ስለ መድኃኒቱ ምንነት

ፀረ ተሐዋስያን መድኃኒት በዓይን የማይታዩትን፥ ባክቴሪያ የሚባሉትን ረቂቃን ተሐዋስያን የሚገድል ወይም እንዳይባዙ የሚያግድ ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1928 ዓ. ም. አሌክሳንደር ፍሌሚንግ የተባለ የስኮትላንድ ተወላጅ ሐኪም በሎንዶን ከተማ ከሻጋታ የሚወጣ ነገር ባክቴሪያን ሲያጠፋ ተመለከተ፤ ያንንም ነገር ፔኒሲሊን ብሎ ሰየመው። በ1943 ዓ. ም. በአሜሪካ በሰልማን ዋክስማን የምርምር ቤት፥ በአፈር ውስጥ ከሚኖር ተሐዋሲ ስትሬፕቶማይሲን ተገኘ። ቀጥሎም ቴትራሳይክሊን የሚባሉት ወገኖች መጡ፤ በገጠራችን በእጅጉ የታወቀው ኦክሲቴትራሳይክሊን ከእነዚሁ አንዱ ነው።

እነዚህ መድኃኒቶች ግን ቫይረስ በሚባለው ረቂቅ ነገር ላይ ኃይል የላቸውም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1888 እስከ 1892 ዓ. ም. በአገራችን ክፉ ቀን ተብሎ ለሚታወሰው ረኃብ ምክንያት የሆነው የደስታ በሽታ ከቫይረስ የሚመጣ ነበር። በ2011 ዓ. ም. ከዓለም ሁሉ መጥፋቱ የታወጀውም በክትባትና በቍጥጥር እንጂ በአንቲባዮቲክ አይደለም። ከጥጆች ተቅማጥም ብዙው ከቫይረስ ወይም ክሪፕቶስፖሪዲየም ከሚባለው ጥገኛ ተሐዋሲ የሚመጣ ስለ ሆነ፥ ተቅማጥ በታየ ቍጥር አንቲባዮቲክ መስጠት ገንዘብንም መድኃኒትንም ማባከን ነው።

መድኃኒቱ ተገቢ በሆነበት ጊዜ ግን፥ አንድ መንገደኛ በአገር በር ገብቶ፥ በየመንደሩ ተዘዋውሮ፥ በኬላ ተፈትሾ በሌላ በር እንደሚወጣ ሁሉ፥ እርሱም በእንስሳው ሰውነት ውስጥ አራት ነገር ያገኘዋል። ይኸውም መግባት፥ መሠራጨት፥ መለወጥና መውጣት ነው። ከዚህ ቀጥሎ አራቱን በተራ እንመለከታለን።

አንደኛ፥ ስለ መግባቱ

የሚያመሰኳ እንስሳ ሆዱ በአራት የተከፈለ ነው። በላሚቱ ዘንድ ከሁሉ የሚበልጠው ሣሩ የሚብላላበት የመጀመሪያው ትልቁ ጨጓራ ሲሆን፥ በውስጡም ሣሩን የሚያብላሉ ቍጥር የሌላቸው ጠቃሚ ተሐዋስያን ይኖራሉ። አዲስ በተወለደ ጥጃ ግን ይህ ትልቁ ጨጓራ ገና ታናሽና ሥራ ፈት ነው፤ የሚሠራው ወተት የሚረጋበት አራተኛው ጨጓራ ነው። ጥጃው በሚጠባበት ጊዜ በጉሮሮው ግርጌ እንደ ቦይ ያለ እጥፋት ይገጥምና ወተቱ ሦስቱን ክፍሎች አልፎ በቀጥታ ወደ አራተኛው ይወርዳል።

ከዚህ የተነሣ በአፍ የሚሰጥ መድኃኒት ዕጣው እንደ ጥጃው ዕድሜ ይለያያል። አሞክሲሲሊንን የመሰለው የፔኒሲሊን ወገን ለሚጠባ ጥጃ በአፉ ቢሰጠው ከአንጀት ወደ ደም ሊገባ ይችላል። ሣር በልቶ ማመስኳት ለጀመረው ግን፥ መድኃኒቱ በትልቁ ጨጓራ ፈሳሽ ውስጥ ይቀጥናል፥ በዚያ ባሉት ተሐዋስያንም ይፈራርሳል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ መድኃኒቱ ራሱ እነዚያን ጠቃሚ ተሐዋስያን ገድሎ የእንስሳውን የምግብ መብላላት ማበላሸቱ ነው። ጥጃ በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት ሣር መቀማመስና ማመስኳት ይጀምራል፤ ከዚያም ትልቁ ጨጓራ በየሳምንቱ እየሰፋ ይሄዳል። በመጀመሪያው ሳምንት ለጥጃው የጠቀመው የአፍ መድኃኒት በሦስተኛው ወር ለዚያው ጥጃ የማይሆነው ስለዚህ ነው።

በአፍ ስለ መስጠት ሁለት ነገር ደግሞ ማስተዋል ይገባል። የመጀመሪያው፥ ኦክሲቴትራሳይክሊን በወተት ውስጥ ካለው ካልሲየም ጋር ይጣበቃል፤ የተጣበቀውም ወደ ደም ሳይገባ ከእበት ጋር ይወጣል። ስለዚህ ዱቄቱን በወተት በጥብጦ ማጠጣት የመድኃኒቱን ኃይል ይቀንሳል። ሁለተኛው፥ ኒዮማይሲንን የመሰሉት መድኃኒቶች በአፍ ሲሰጡ ከአንጀት ወደ ደም የሚገቡት እጅግ በጥቂቱ ነው፤ እነርሱን በአፍ ሰጥቶ የሳንባ ምችን ወይም የጕልበት መገጣጠሚያ እብጠትን ለማዳን መሞከር ከንቱ ድካም ነው።

በመርፌ የሚሰጠውም ቢሆን አገባቡ አንድ አይደለም። በደም ሥር የተሰጠው ወዲያው ይደርሳል። በጡንቻ ወይም በቆዳ ሥር የተሰጠው ግን ከተወጋበት ቦታ ደም እስኪያነሣው ድረስ ይጠብቃል። ፔኒሲሊን ከፕሮኬይን ጋር የሚቀላቀለው፥ እንዲሁም «ለረጅም ጊዜ የሚሠራ» ተብሎ የተጻፈበት ኦክሲቴትራሳይክሊን የሚዘጋጀው፥ መድኃኒቱ ከተወጋበት ቦታ ቀስ እያለ እንዲለቀቅ ተብሎ ነው።

ሁለተኛ፥ ስለ መሠራጨቱ

አንድ ማንኪያ ጨው በትንሽ ድስት ውኃ ቢጨመር ውኃው ይመራል፤ ያው ጨው በትልቅ ጋን ቢጨመር ግን ጣዕሙ አይታወቅም። በጥጃ ሰውነትም የሚሆነው ይህን ይመስላል። የአዲስ ጥጃ ሰውነት ከመቶ 70 እስከ 80 እጅ ውኃ ነው፤ ባደገ ከብት ግን ወደ 60 እጅ ገደማ ይወርዳል። ፔኒሲሊንና ጄንታማይሲን ከውኃ ጋር የሚሄዱ መድኃኒቶች ስለ ሆኑ፥ በኪሎ ክብደት እኩል ቢሰጡ እንኳ በጥጃው ሰፊ ፈሳሽ ውስጥ ይቀጥናሉ፤ በደም ውስጥ የሚገኘውም ልክ ከላሚቱ ያነሰ ይሆናል። ስለዚህ ለጥጃ በኪሎ ክብደት የሚሰጠውን ልክ ከፍ አድርጎ፥ በሁለት መርፌዎች መካከል ያለውን ጊዜ ደግሞ ማራዘም የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ። ይህን መመጠን ግን የሐኪም ሥራ ነው።

መድኃኒቶችም ሁሉ ወደ አንድ ቦታ አይሄዱም። ቱላትሮማይሲን የሚባለው ከደም ይልቅ በሳንባ ውስጥ ይከማቻል፤ በዚያም ለብዙ ቀናት ስለሚቈይ ለሳንባ በሽታ ይመረጣል። ቴትራሳይክሊን በማደግ ላይ ባለ አጥንትና ጥርስ ውስጥ ከካልሲየም ጋር ተጣብቆ ይቀመጣል። ጄንታማይሲን በኩላሊት ሥጋ ውስጥ ይሰንቃል፤ ከዚያም ተጠርጎ ለመውጣት ብዙ ወራት ይፈጅበታል። እንግዲህ «መርፌው አልፏል፥ መድኃኒቱ ጠፍቷል» ማለት አይቻልም፤ ከደም የጠፋው በሥጋና በአጥንት ውስጥ ተቀምጦ ይገኛልና።

ሦስተኛ፥ ስለ መለወጡ

ብዙ መድኃኒት በጉበት ውስጥ ተለውጦ ለመውጣት ይዘጋጃል። የጥጃ ጉበት ግን በተወለደበት ቀን ይህን ሥራ ገና አልለመደም፤ ኃይሉን የሚያገኘው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውስጥ ቀስ በቀስ ነው። ይህን ለመለካት ሊቃውንቱ በደም ውስጥ ያለው መድኃኒት እኩሌታው እስኪወጣ ድረስ የሚፈጀውን ጊዜ ይቈጥራሉ፤ ይህንንም እኛ እዚህ የግማሽ ጊዜ እንለዋለን። መቶ እጅ የነበረው በአንደኛው የግማሽ ጊዜ 50፥ በሁለተኛው 25፥ በሦስተኛው 12 ተኩል፥ በአራተኛው 6 ገደማ፥ በአምስተኛው 3 ገደማ ይሆናል።

ለምሳሌ ከሰልፋ ጋር ተቀላቅሎ የሚሰጠውን ትራይሜቶፕሪም የሚባለውን መድኃኒት እንውሰድ። በጥጆች ላይ በተደረገ ምርመራ፥ በተወለዱ በአንደኛው ቀን የግማሽ ጊዜው 8 ሰዓት ያህል፥ በሳምንት ዕድሜ 2 ሰዓት ያህል፥ በስድስተኛው ሳምንት ደግሞ 1 ሰዓት ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። ይህም ማለት፥ ማለዳ ተወግቶ በማግስቱ ማለዳ የአንድ ቀኑ ጥጃ በደሙ ውስጥ ስምንተኛ እጁ ገና ሲቀረው፥ የስድስት ሳምንቱ ጥጃ ግን ማታ ሳይደርስ ከሞላ ጎደል ጨርሶታል። ለሁለቱ አንድ ዓይነት ቀጠሮ የሰጠ ሰው፥ ወይ በታናሹ ሰውነት መድኃኒቱን ይደራርብበታል፥ ወይ ታላቁን ባክቴሪያው እንደ ገና ሲበረታ ያለ መድኃኒት ይተወዋል።

ክሎራምፌኒኮል የሚባለውም መድኃኒት በአዲስ ጥጃ ሰውነት ውስጥ እንዲሁ በጕበቱ ድካም የተነሣ እጅግ ይዘገያል። ከዚህም በላይ በሰው ላይ ደም የሚፈጠርበትን መቅኔ ሊጐዳ ስለሚችል፥ የአውሮፓ ኅብረት በ1994 ዓ. ም. ሥጋቸውና ወተታቸው ለሚበላ እንስሳት እንዳይሰጥ ከልክሎታል።

አራተኛ፥ ስለ መውጣቱ

ፔኒሲሊንና ጄንታማይሲን አብዛኛውን ጊዜ ሳይለወጡ በኩላሊት ተጣርተው በሽንት ይወጣሉ። ሌሎችም ከሐሞት ጋር ወደ አንጀት ወርደው በእበት ይወጣሉ። የጥጃ ኩላሊት ከጕበቱ ይልቅ ቶሎ ይበረታል፤ ጤነኛ በሆነ ጥጃ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሥራውን ደኅና አድርጎ ይይዛል።

ነገር ግን መድኃኒት የሚሰጠው ለታመመ እንጂ ለጤነኛ አይደለም። የሹማምንትም ሆነ የገበሬ ጥንቃቄ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ተቅማጥ ያደከመው ጥጃ ውኃው አልቆ ዓይኑ ይጐደጕዳል፥ ቆዳው ቢቈነጠጥ ቶሎ አይመለስም፥ እግሩና ጆሮው ይቀዘቅዛል። በዚህ ጊዜ ደሙ ወደ ቆዳና ወደ ጡንቻ በደንብ አይደርስምና፥ በቆዳ ሥር የተወጋው መድኃኒት በተወጋበት ቦታ ይቀራል። ወደ ኩላሊትም የሚሄደው ደም ስለሚያንስ፥ ወደ ውስጥ የገባው መድኃኒት መውጫ ያጣል። ጄንታማይሲን እንዲህ ባለ ጥጃ ላይ ሲደጋገም ኩላሊቱን ራሱን ያበላሻል። ገበሬውም «መድኃኒት ተሰጥቶት ሞተ» ይላል፤ ጥጃውን የገደለው ግን ብዙ ጊዜ የውኃው ማለቅ ነው።

ስለዚህ ተቅማጥ ለያዘው ጥጃ ከመርፌ በፊት ፈሳሽ ይቅደም። በንጹሕ ውኃ ጨውና ስኳር በልክ የገባበት፥ ሐኪሙ ያዘዘው ፈሳሽ በየጊዜው ይሰጠው፤ የእናቱንም ወተት አይከልከል። ትኵሳት ያለው፥ መጥባት እንቢ ያለው፥ መቆም ያቃተው ወይም ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ያለበት የሆነ እንደሆነ፥ ሐኪሙ ፀረ ተሐዋስያን መድኃኒት ይጨምርለት ዘንድ ሳይዘገይ ይጠራ። ሳይርቅ በቅርቡ፥ ሳይደርቅ በእርጥቡ እንደ ተባለ፥ በመጀመሪያው ቀን የሚደረገው እርዳታ በሦስተኛው ቀን ከሚደረገው ይሻላል።

ስለ ልኩ

መድኃኒት የሚለካው በዓይን ሳይሆን በክብደት ነው። በአንድ ሚሊ ሊትር፥ በተለምዶ አንድ ሲሲ በሚባለው፥ ውስጥ 200 ሚሊ ግራም ያለበትን ኦክሲቴትራሳይክሊን እንውሰድ። በኪሎ 20 ሚሊ ግራም ይሰጥ የተባለ እንደሆነ፥ ለ10 ኪሎ 1 ሲሲ ማለት ነው። 250 ኪሎ ለምትመዝን ላም 25 ሲሲ ይሆናል፤ ይህም በአንድ ቦታ ሳይሆን በልዩ ልዩ ቦታ ተከፋፍሎ የሚወጋ ነው። 25 ኪሎ ለሚመዝን ጥጃ ግን 2 ሲሲ ተኩል ብቻ ነው። «ለእናቱ 20 ሰጥተናል፥ ለጥጃው እኩሌታው ይበቃል» ብሎ 10 ሲሲ የወጋው ሰው፥ ለጥጃው ከሚገባው አራት እጥፍ ሰጥቶታል። አምስት ኪሎ ለሚመዝን ግልገልማ ልኩ ግማሽ ሲሲ ነው፤ ይህንንም በትልቅ መርፌ መለካት ስለማይቻል ትንሹ መርፌ ሊኖር ያስፈልጋል።

መጠኑን ማሳነስም እንደ ማብዛቱ ይጐዳል። ባክቴሪያውን ሳይገድል የሚያቈስለው መድኃኒት፥ ደካሞቹን ጨርሶ ብርቱዎቹን ያስቀራል፤ እነዚያም መድኃኒቱን ተላምደው ይባዛሉ። የተላመደውም ባክቴሪያ በበረት ተወስኖ አይቀርም፤ በእበት፥ በውኃ፥ በወተትና በእጅ ወደ ቤት ይገባል። ያን ጊዜ የታመመው የገበሬው ሕፃን ልጅ ሲሆን፥ ሊያድነው የሚገባው መድኃኒት ኃይል አጥቶ ይገኛል።

ሹማምንት ሊያስፈጽሙት ስለሚገባው ተግባር

አንደኛ፥ መድኃኒት በገበያ መካከል በፀሐይ ተዘርግቶ፥ ፈቃድ በሌለው ሰው እጅ እንዳይሸጥ መቈጣጠር ይገባል። ሙቀትና ፀሐይ የመድኃኒትን ኃይል ያጠፋሉና፥ እንዲህ ያለው ሻጭ ሕዝቡን ሁለት ጊዜ ይጐዳል።

ሁለተኛ፥ በየቀበሌው የእንስሳት ጤና ጣቢያ ሚዛን ወይም የደረት ዙሪያ መለኪያ ሜትር፥ ትናንሽ መርፌዎችም መኖራቸውን መጠየቅ ይገባል። ግልገልን በጆንያ አድርጎ በእህል ሚዛን መመዘን ለማንም የሚቸግር አይደለም።

ሦስተኛ፥ የታከመው እንስሳ ዕድሜ፥ ክብደት፥ የመድኃኒቱ ስም፥ ልኩና ቀኑ በመዝገብ እንዲጻፍ ማድረግ ይገባል። ያለ መዝገብ የሥጋውንና የወተቱን መታገሻ ቀን ማንም ሊያስታውስ አይችልም።

አራተኛ፥ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈው የመታገሻ ቀን ሳይፈጸም እንስሳው እንዳይታረድ፥ ወተቱም እንዳይጠጣና እንዳይሸጥ ሕዝቡን ማስረዳት ይገባል። ወተቱን ማፍላት መድኃኒቱን ያጠፋዋል ብሎ መታመን አይገባም። መታገሻው የተጻፈው በተጻፈው ልክ ለተሰጠ መድኃኒት መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል፤ ልኩ ያለፈ እንደሆነ መታገሻውም ይረዝማል።

አምስተኛ፥ መድኃኒት የተሰጣት ላም ወተት ለሰው አይሆንም ተብሎ ለጥጃ የሚሰጥበት ልማድ እንዲቀር መምከር ይገባል። በዚያ ወተት ውስጥ ያለው ጥቂት መድኃኒት ጥጃውን አያድነውም፤ ነገር ግን በአንጀቱ ያሉትን ባክቴሪያዎች መድኃኒት ያስለምዳል።

ስድስተኛ፥ ከሁሉ በፊት የእንገርን ነገር ማስተማር ይገባል። የላምና የጥጃ ደም በማኅፀን ስለማይገናኝ፥ ጥጃ ሲወለድ ከበሽታ የሚከላከልበት ኃይል ከእናቱ ገና አልተቀበለም፤ የሚቀበለውም በእንገር ነው። አንጀቱ ይህን ኃይል ወደ ደሙ የሚያሳልፈው እስከ 24 ሰዓት ገደማ ብቻ ሲሆን፥ በመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓታት የጠባው ከሁሉ ይበልጣል። የክብደቱን አሥረኛ እጅ ያህል፥ ማለት 25 ኪሎ የሚመዝነው ጥጃ 2 ሊትር ተኩል ያህል፥ ሊጠባ ይገባዋል። እንገሩን ለቤተ ሰብ ማብሰል በተለመደበት አገር፥ አስቀድሞ ጥጃው ይጥገብ፥ የተረፈው ለቤት ይሁን ብሎ መምከር ነውር የለበትም።

ከላይ እንደ ተነገረው፥ መድኃኒት በጥጃ ሰውነት ውስጥ የሚገባበት፥ የሚሠራጭበት፥ የሚለወጥበትና የሚወጣበት መንገድ እንደ ዕድሜው፥ እንደ ምግቡና እንደ ጤንነቱ ይለያያል። ስለዚህ ሹሙ ሕዝቡን በሚሰበስብበት ጊዜ ሁሉ፥ የታመመ ጥጃ ላለው ሰው አራት ነገር እንዲጠየቅ ያስለምድ፤ ዕድሜው ስንት ነው፥ ክብደቱ ስንት ነው፥ ሣር ጀምሯል ወይስ ወተት ብቻ ይጠባል፥ ውኃውስ አልቆበታል ወይ? ለእነዚህ አራት ጥያቄዎች መልስ ሳይገኝ መርፌ የሚያነሣ ማንም አይሁን።